በርሜሉ ግማሽ ቀን፣ ካዝናው አንድ ወር፦ የግራኝ ጠመንጃዬን ወደ 375 ስቀይር የያዝኩት ማስታወሻ

ቀን 1

ይሄን የምጽፈው በዋናነት ለራሴ ነው፣ ባለፈው አንድ ሰደፍ ስሠራ የቱ ጋ ስንት እንደፋቅኩ ሳልጽፍ ቀርቼ ሁለቴ ከዜሮ ጀምሬያለሁ። ሌላ ግራኝ ካለና እንደኔ ካሰበ ደሞ ከኔ ስህተት ይጠቀም።

ያለኝ ጠመንጃ የማውዘር 98 ዓይነት አክሽን (ቦልቱ፣ ማለትም ጥይቱን ገፍቶ አስገብቶ የሚዘጋው ብረት፣ የሚሄድበት የጠመንጃው ዋና አካል) ነው፣ ለግራኝ የተሠራ፣ 300 ዊንቸስተር ማግነም የተባለውን ጥይት የሚጎርስ። የቦልቱ እጀታ በግራ ነው፣ ቀልሃ የሚወጣበት በር በግራ ነው፣ የቦልቱ ማቆሚያ በቀኝ ነው፣ በቃ የተለመደውን ማውዘር መስታወት ፊት አቁማችሁ እንደምታዩት ማለት ነው። በርሜሉ አልቋል። ጉረሮው፣ ማለትም ጥይቱ ከተቀመጠበት የበርሜሉ የኋላ ክፍል ወጥቶ መጀመሪያ በርሜሉ ውስጥ የተቀረጸውን ክር የሚነካበት ቦታ፣ ተበልቶ እንደ ተሰነጣጠቀ ጭቃ ሆኗል። ድሮ አንድ ቀዳዳ ይነካካ የነበረ ጠመንጃ አሁን በ100 ሜትር መዳፍ የሚያክል ይበትናል። ስለዚህ በርሜል መቀየሩ አይቀርም፣ ከተቀየረ አይቀር ለምን ለትልልቅ አውሬ የሚሆን አላደርገውም አልኩ።

ለምን አዲስ አትገዛም የሚለኝ አይጠፋም። ግራኝ ላልሆናችሁ ላስረዳ። ጠመንጃ ሠሪው ሳቬጅ እ.ኤ.አ. በ1959 የ110 ሞዴሉን ለግራኝ ካወጣ ወዲህ ሌሎችም ሠርተዋል፣ ግን በትልቅ ካሊበር (የእርሳሱ ውፍረት) ስትፈልጉ ምርጫው በጣት የሚቆጠር ነው፣ ያገኛችሁት ደሞ ወይ አክሽኑ የማትወዱት ነው ወይ ዋጋው። የቀኝ ጠመንጃ ተለማመድ የሚሉም አሉ። እኔ በቀኝ ጠመንጃ ነው ያደግኩት። ለአንድ ጥይት ችግር የለውም። ሁለተኛውን ለማቀባበል ግን ግራ እጄን ከምላጩ አንስቼ በማነጣጠሪያ መነጽሩ ላይ አሻግሬ ቀኝ በኩል ያለውን እጀታ ማግኘት አለብኝ፣ ጉንጬ ከሰደፉ ይነሳል፣ ጠመንጃው ከትከሻዬ ይወርዳል፣ ቀልሃው ደሞ በአይኔ ፊት ነው የሚያልፈው። ለሚዳቋ ይሁን። ጎሽ ፊት ለፊት ቆሞ እንደዚህ አይነት ዳንስ አልፈልግም።

ቀን 3

ካሊበር መምረጥ። በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ አውሬ ዝቅተኛው 375 (0.375 ኢንች ውፍረት ያለው እርሳስ) ነው፣ ስለዚህ ከሱ ልጀምር አልኩ። የመጀመሪያ ሐሳቤ እንደ ማንኛውም ሰው 375 ኤች ኤንድ ኤች ነበር፣ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1912 ያወጣው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሠርቶ የታየ ነገር ነው። ችግሩ ርዝመቱ። ሙሉ ጥይቱ እስከ 91.4 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ የኔ ካዝና ውስጡ 86 ነው። ድሮ ሰዎች መደበኛውን ማውዘር ለዚህ ጥይት ሲያሰፉት ከፊት ከታችኛው የቦልት ላግ (ቦልቱን ቆልፎ የሚይዝ ጉብታ) መቀመጫ ሥር ብረት ይቆርጡ ነበር፣ እሱ ማለት ደሞ የፍንዳታውን ኃይል የሚሸከመውን ቦታ ማቅጠን ነው። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ እየተኮሱ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ፊቴን የማስጠጋበት ብረት ላይ ቁማር አልጫወትም።

458 ዊንቸስተር ማግነም ይገባል፣ እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው ለመደበኛ አክሽን ተብሎ ነው፣ ግን እንደዛ የሚራገጥ ነገር አልፈልግም፣ ደሞ ራቅ ላለ ምት አይመችም። 338 ዊንቸስተር ማግነምም ይገባል፣ ግን ከ375 በታች ነው።

የቀረው 375 ሩገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ጥይት ሠሪው ሆርናዲና ጠመንጃ ሠሪው ሩገር አብረው ያወጡት ነው፣ እና ለኔ ጠመንጃ የተሠራ እስኪመስል ድረስ ልክ ነው። ሙሉ ርዝመቱ 84.8 ሚሊ ሜትር፣ ከ300 ዊንቸስተር ጋር እኩል። የቂጡ ከንፈር 13.5 ሚሊ ሜትር፣ እሱም እኩል፣ ስለዚህ የቦልቱ ፊትም ቀልሃውን የሚይዘው ጥፍሩም አይነካም። 19.4 ግራሙን እርሳስ የፋብሪካው ጥይት በሰከንድ 811 ሜትር ይወረውረዋል፣ ኤች ኤንድ ኤች በተለመደው ጥይቱ 771 አካባቢ ነው። አጭር ሆኖ የሚበልጠው ቀልሃው ቂጡ አጠገብ ቀበቶ (ወጣ ያለ ቀለበት) ስለሌለውና አካሉ እስከ ትከሻው ድረስ ወፍራም ስለሆነ ነው፣ ብዙ ባሩድ ይይዛል።

ይቺን «አካሉ ወፍራም» የምትለዋን ነገር ያኔ በደስታ ነው የጻፍኳት። ኋላ አንድ ወር አስለቅሳኛለች።

ቀን 11

በርሜል ታዘዘ። 61 ሳንቲ ሜትር፣ ክሩ በ12 ኢንች አንድ ዙር፣ ከበፊቱ ወፈር ያለ። ፈቃዴ ላይ የተጻፈው ካሊበር 300 ስለሆነ የካሊበር ለውጡን ወረቀት ቀድሜ አስገባሁ። ሥራው ካለቀ በኋላ ብሎ ነገር የለም፣ ቀድማችሁ ጨርሱት፣ አለበለዚያ ቤታችሁ ያለው ዕቃና ወረቀቱ ሁለት ሌላ ነገር ይሆናሉ።

ቀን 38

በርሜሉ መጣ፣ ወደ ባለሙያው ወሰድኩት። እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን፣ በርሜል መፍታት መግጠምና ክፍሉን መቅደድ እኔ አልሠራም። ቶርኖ የለኝም፣ ቢኖረኝም አልሠራም። የኔ ሥራ እንጨቱና ካዝናው ነው። ባለሙያው አዛውንት ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይሄን ሲሠሩ የኖሩ፣ ሲሠሩ ቆሜ እንዳይ ይፈቅዱልኛል፣ ከተናገርኩ ግን ያስወጡኛል።

አሮጌው በርሜል አልፈታ ብሎ ሲያስጨንቅ ነበር ያየሁት፣ በርሜሉን በትልቁ ሞርሳ ነክሰው አክሽኑን በመፍቻ ይዘው ሁለቴ ተጫኑት ምንም፣ ዘይት ጠብ ጠብ አድርገው ሻይ ጠጥተው ተመለሱና በሦስተኛው «ጧ» ብሎ ለቀቀ። እኔ የሆነ ነገር የተሰበረ መስሎኝ ነበር። «ልጄ እንደዚህ ካልጮኸ ጥሩ አልተገጠመም ነበር ማለት ነው» አሉኝ።

አንድ ጥያቄ ነበረኝ፣ ሁሉ ነገር የተገለበጠ ከሆነ በርሜሉ አክሽኑ ላይ የሚጠብቅበት ክርስ? አልተገለበጠም። እንደ ማንኛውም ማውዘር በኢንች 12 ጥርስ ነው፣ ዙሩም የተለመደው። የተገለበጠው ቦልቱና እሱን የሚያገኙት ብቻ ናቸው።

ከዛ የቦልቱን ላጎች ቀለም ቀብተው ዘግተው ከፈቱ። አንዱ ላግ ሙሉ በሙሉ ይነካል፣ ሌላኛው ጫፉ ብቻ። ትንሽ አሸት አሸት አደረጉትና ሁለቱም ሲነኩ ወዲያው አቆሙ። ለምን ሙሉ በሙሉ እኩል እስኪሆን አልቀጠሉም ብዬ በአይኔ ጠየቅኳቸው መሰለኝ፣ የማውዘር ጥንካሬው ላዩ ላይ ነው፣ ቆዳውን ከገፈፍክ ከሥሩ ለስላሳ ብረት ነው የምታገኘው፣ ላጉ ቀስ በቀስ እየተጫነ ይገባል፣ በቦልቱና በጥይቱ መሐል ያለው ክፍተትም ይሰፋል አሉኝ። ይሄም ከክፍሉ መቀደድ በፊት መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ላጉን በነካህ ቁጥር ቦልቱ ወደኋላ ይሄዳል።

ክፍሉ ሲቀደድ ያለውን አልተርክም፣ ቀስ ብሎ መቅደድ ማጽዳት መለካት ነው፣ አሰልቺና ቆንጆ። ልዩነቱ ይሄ ነው፣ የ300ው ጥይት የሚቆመው በቀበቶው ነበር፣ ይሄኛው ቀበቶ ስለሌለው በትከሻው ነው የሚቆመው። ሁለት መለኪያ አለ፣ በአንዱ ላይ ቦልቱ መዘጋት አለበት፣ በሌላው ላይ መዘጋት የለበትም። በመጀመሪያው ተዘጋ፣ በሁለተኛው ግማሽ ላይ ቆመ። አበቃ። ከጠዋት እስከ ምሳ በቃ።

ቀጥሎ በርሜሉ ለፍተሻ ተኩስ ሄደ። የሲአይፒ (የጦር መሣሪያ ፍተሻ ዓለም አቀፍ ድርጅት) አባል በሆኑ አገሮች ግፊት የሚሸከም ነገር ከተቀየረ እንደገና መፈተሽ ግዴታ ነው፣ ለጠመንጃ የፍተሻው ጥይት ከተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 25 በመቶ በላይ የሚፈጥር ነው። ግዴታ በሌለበትም ቢሆን እኔ ሳይፈተሽ ጉንጬን አላስጠጋም ነበር።

ቀን 52

ተመለሰ፣ ማህተሙ በርሜሉም አክሽኑም ላይ አለ። ቤት ገብቼ አራት የልምምድ ጥይት ሠራሁ፣ ባሩድም ካፕሱልም የሌላቸው፣ ጎናቸውን በስቼ ቀይ ቀለም የቀባኋቸው እንዳይምታቱ። ሦስቱን ካዝና ውስጥ ጨመርኩ።

የመጀመሪያው ገባ። ሁለተኛው አፍንጫውን ደፍቶ ከበርሜሉ አፍ በታች ያለውን ብረት ወጋ። ሦስተኛው ገና ቦልቱ ሳይነካው ከካዝናው ከንፈር አምልጦ እንደ አንበጣ ዘለለ።

እሺ ምናልባት እጄ ነው አልኩ። አስር ጊዜ ደገምኩት። በአስሩ ውስጥ ሦስቱም በትክክል የገቡት ሁለት ጊዜ ብቻ። የኔ ዓይነት አክሽን ዋና ጥቅሙ እኮ ጥይቱ ከካዝና ሲወጣ ወዲያው ጥፍሩ ቂጡን ይይዘውና እስከ መጨረሻው አለመልቀቁ ነው፣ ጥፍሩ ሳይይዘው ካመለጠ ምኑን ማውዘር ሆነ።

ቀን 55

ሦስት ቀን በካሊፐር ስለካ ነበር። ያገኘሁትን ልጻፍ ምክንያቱም ይሄን ቁጭ ብሎ የጻፈ ሰው ቀድሜ ባገኝ ኖሮ ብዙ ይቀርልኝ ነበር።

የማውዘር ካዝና ውስጥ ጥይቶቹ በሁለት ረድፍ ተሰባጥረው ነው የሚተኙት። ከኋላ ሆናችሁ ቂጣቸውን ብታዩ የሦስቱ መሐል ሲገናኝ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሠራል፣ እንዲሠራም ነው የሚፈለገው፣ እንደዛ ከሆነ እያንዳንዱ ጥይት የላይኛውን ወደ ላይም ወደ ጎንም እኩል ይገፋዋል። ከዚህ ሒሳቡ ቀላል ነው፣ የካዝናው ሳጥን ስፋት የጥይቱ ውፍረት ሲባዛ በ1.866 ነው። ጠበበ ማለት ጥይቶቹ ወደ አንድ መስመር ይጠጋሉ፣ የላይኛው በአንዱ ከንፈር ብቻ ይያዛል፣ ይዘላል። ሰፋ ማለት ደሞ ጎን ለጎን ይጋደሙና ይጣበቃሉ።

አሁን የኔን ተመልከቱ። ቂጡ ጋ ሁለቱም ጥይቶች 13.5 ናቸው፣ ሲባዛ 25.2 ሚሊ ሜትር፣ ሳጥኔ ከኋላ 25.3 ነው፣ ልክ ነው። ትከሻው ጋ ግን 300 ዊንቸስተር 12.4 ነው፣ ሲባዛ 23.1። 375 ሩገር 13.1 ነው፣ ሲባዛ 24.4። ሳጥኔ ከፊት 23.2 ነው። ለ300 ፍጹም ነው። ለ375 አንድ ሚሊ ከምናምን ጠባብ ነው። ኋላው ልክ ነው ፊቱ ጠባብ ነው፣ ስለዚህ የፊቱ ክፍል ይጨመቃል፣ አፍንጫው ወይ ይደፋል ወይ ይዘላል። ያ በደስታ የጻፍኩት ወፍራም አካል ይሄ ነው።

«ቂጡ እኩል ስለሆነ በርሜል ብቻ ቀይር በቃ» የሚለው ምክር ውሸት አይደለም፣ በነጠላ ለሚያጎርስ ሰው።

ቀን 60 ገደማ

ሳጥኑ ከታችኛው ብረት ጋር አንድ አካል ስላልሆነ ደስ አለኝ፣ ለብቻው የሚወጣ የላሜራ ሳጥን ነው። አዲስ መሥራት ይቻላል። 1 ሚሊ ላሜራ ገዝቼ በእንጨት ቅርጽ ላይ አጠፍኩት፣ ፊቱን 24.5 ኋላውን 25.3። የመጀመሪያው ጠመመ። ሁለተኛው ቆንጆ ሆነ፣ ግን ሲበየድ ተጣመመ። ሦስተኛውን ስበይድ ከውስጥ የብረት ቁራጭ ሞልቼ በነጥብ በነጥብ አስበየድኩት፣ እሱ ነው አሁን ያለው።

ጥይቶቹን የሚገፋው ሳህን እና ስፕሪንጉ አልተቀየሩም፣ ሳህኑን ብቻ ጎንና ጎኑ እንዳይፋቅ በሞረድ አስተካከልኩ። ሲታሰብ የሚያስቀው ነገር የሚይዘው ጥይት ብዛት አልተለወጠም፣ ሦስት ነበር አሁንም ሦስት ነው።

ቀን 71

ሳጥኑ ሰፋ፣ ጥይቶቹን ከላይ የሚይዙት የአክሽኑ ከንፈሮች ግን አልሰፉም። አፍንጫው መድፋቱን ተወ፣ መዝለሉ ጠፋ፣ በምትኩ ቦልቱ ሲገፋ ግማሽ መንገድ ላይ ይከብዳል፣ ጥይቱ ከከንፈሩ አልላቀቅ ይላል። ቀልሃው ላይ የተጫረ ብሩህ መስመር ይታያል። ያ መስመር የት እንደሚያንቀው በትክክል ያሳያል።

ከንፈሩ ከአክሽኑ ጋር አንድ ብረት ነው። ሳጥን ከተበላሸ ሌላ አጥፋለሁ፣ ይሄ ከተበላሸ አክሽኑ ሄደ፣ የግራኝ አክሽን ደሞ መንገድ ላይ አይገኝም። ወደ አዛውንቱ ተመለስኩ። መስመሩን አዩና ሁለቱን ከንፈሮች ከፊት በኩል ብቻ 0.3 ሚሊ አነሱ፣ ከኋላ ምንም። «አሁን ሂድና መቶ ጊዜ ግፋው፣ ከዛ ና» አሉኝ። ገና አልበቃም እያልኩ ነበር በሆዴ። መቶ ጊዜ ስገፋው ራሱ ተስተካከለ፣ ብረቱ ተወለወለ። ተጨማሪ አላስነሳሁም። ወደ በርሜሉ የሚያወጣውን ዳገት እኔ በጥሩ ድንጋይ ወለወልኩት፣ ማዕዘኑን ሳልነካ።

ግራኝ የመሆን ቅጣት እዚህም አለ፣ ያገኘኋቸው ፎቶዎችና ሥዕሎች በሙሉ የቀኝ ናቸው። መጀመሪያ በጭንቅላቴ እየገለበጥኩ ስሠራ ሁለቴ ተሳሳትኩ፣ ከዛ ስልኬ ላይ ፎቶውን መገልበጫ እንዳለው ትዝ አለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያላሰብኩት።

ቀን 79

ሃምሳ ጊዜ ሦስት ሦስት፣ ቀስ ብዬም በኃይልም፣ ጠመንጃውን ገልብጬም ጭምር። አንድም አላመለጠም። ጠመንጃውን ወደ ታች ገልብጦ ማቀባበል ጉራ ይመስላል፣ ግን ጥፍሩ ቂጡን በጊዜ መያዙን የሚያረጋግጥ ጥሩ ፈተና ነው፣ ካልያዘው ይወድቃል።

ቀን 84

ሰደፉ። ግማሽ የተቀረጸ ዋልነት ነበር ያዘዝኩት፣ ለግራኝ ብዬ ሦስት ቦታ ጽፌ። መጣ። የአክሽኑ ጉድጓድ የግራኝ፣ የቦልቱ እጀታ ቦታ በግራ፣ የጉንጭ ማሳረፊያው ግን እሱም በግራ ጎን። ግራኝ ጉንጩን የሚያሳርፈው በሰደፉ ቀኝ ጎን ነው! ያም ማለት ይሄን ሰደፍ የሠራው ማሽን ፊት ለፊት ግራኝ ኋላ ቀኝ የሆነ ሰው አስቦ ነው። ሻጩ «መመለስ ይቻላል ግን መላኪያው ባንተ» አለኝ። እንጨቱ ቃጫው በሰደፉ መያዣ በኩል ቀጥ ብሎ ያለፈ ቆንጆ እንጨት ስለሆነ አልመለስኩትም፣ ማሳረፊያውን በመላጊያ ጠርጌ ጣልኩትና ቀጥ ያለ ሰደፍ አደረግኩት። ቀኝ ጎኑ ላይ የምጨምረው እንጨት የለኝም፣ ይቅር።

ቀን 90 እስከ 110

ብረቱን እንጨት ውስጥ ማስገባት። ብረቱን ጥላሸት ቀብቶ ማስቀመጥ፣ ማንሳት፣ ጥቁር የነካበትን በመሮና በመፋቂያ ማንሳት፣ እንደገና። በቀን ሁለት ሰዓት፣ ጆሮዬ ድረስ ጠቁሬ። ከዚህ በላይ የሚጻፍ የለውም።

ግን የርግጫውን ነገር መጻፍ አለብኝ። በ4.1 ኪሎ ጠመንጃ አስልቼው ነበር፣ 300 ዊንቸስተር በ36 ጁል አካባቢ ይረግጣል፣ 375 ሩገር በ65 አካባቢ። እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ትከሻዬ ይችላል፣ እንጨቱ ግን በሁለት ቦታ ይሰነጠቃል፣ አንደኛው ከአክሽኑ ሥር ከወጣው ጥርስ በስተኋላ፣ ሁለተኛው ከአክሽኑ ጅራት በስተኋላ የሰደፉ መያዣ ጫፍ ላይ። ጥርሱ ግፊቱን በሙሉ ወደ እንጨቱ የሚያስተላልፍ ነገር ነው። ጅራቱ ግን ምንም ማስተላለፍ የለበትም፣ ከነካ እንደ ሽብልቅ ገብቶ እንጨቱን ለሁለት ይከፍለዋል። ስለዚህ ከጅራቱ ኋላ 0.8 ሚሊ ክፍተት ተውኩ። ለማያውቅ ሰው ክፍተቱ የአሠራር ጉድለት ይመስላል፣ ጓደኛዬ አይቶ «እዚህ ጋ ትንሽ ፈጠንክ» ብሎኛል።

ሁለት አግዳሚ ብሎን አስገባሁ፣ አንዱ ከጥርሱ ኋላ፣ አንዱ በካዝናውና በምላጩ መሐል ባለችው ቀጭን እንጨት ውስጥ። በርሜሉ ሥርም ሁለተኛ ጥርስ ተበየደለት። የማንገቻው የፊት ቀለበት ከእንጨቱ ተነስቶ በርሜሉ ላይ ሄደ፣ እንጨቱ ላይ ከሆነ ሲተኮስ ወደኋላ መጥቶ የያዝክበትን እጅ ይቆርጣል።

ቀን 114

የኢፖክሲ (ደርቆ እንደ ድንጋይ የሚሆን ሙጫ) ቀን። እና የውርደት ቀን።

ሥራው ይሄ ነው፣ ጥርሱ የሚያርፍበትን ቦታ ትንሽ ትፍቅና በኢፖክሲ ትሞላለህ፣ ብረቱን እንዳይጣበቅ ሰም ቀብተህ ትከተዋለህ፣ ሲደርቅ የብረቱ ቅርጽ ታትሞ ይቀራል። ከጥርሱ የኋላው ፊት ብቻ እንዲነካ ፊቱን፣ ጎኖቹንና ታቹን በፕላስተር ትሸፍናለህ። ኢፖክሲ ሊገባበት የሚችል ቀዳዳ በሙሉ በልጆች የፕላስቲክ ጭቃ ይደፈናል። ይሄን ሁሉ አድርጌያለሁ። አንድ ቀዳዳ ቀርታለች፣ የቦልቱ ማቆሚያ ጋ ያለችው ትንሽ ኪስ፣ በቀኝ ጎን። ለምን ቀረች? የዝርዝር ሥዕሌ የቀኝ ጠመንጃ ስለነበር በግራ ጎን ፈልጌ ስላጣኋት «የለም» ብዬ አለፍኩ። ፎቶ ገልብጡ እያልኩ ስመክር የነበርኩት ሰውዬ።

ከ24 ሰዓት በኋላ ብሎኖቹን ፈትቼ ሳነሳ አልነሳም አለ። በጎማ መዶሻ። አልነሳም። ላብ።

ቀን 115

መፍትሔው የታወቀ ነው፣ ብርድ። ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሰሙም ይሰባበራል። 112 ሳንቲ ሜትር ጠመንጃ ግን የትኛው ፍሪጅ ይገባል? ጓደኛዬ ጋ የተኛ ዲፕ ፍሪዘር አለ፣ በሰያፍ አስገባነውና አደረ። ጠዋት አውጥተን በርሜሉን ከሥር ሁለቴ በጎማ መዶሻ ስመታው «ጨክ» አለና ወጣ። ኪሱ ውስጥ የገባችው ኢፖክሲ ተሰብራ ቀርታለች፣ በመርፌ ለቀምኳት። ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ ታትሟል፣ ጥርሱ ጋ አንዲት አየር ብቻ ናት ያለችው የምስር ፍሬ የምታክል። ወዲያው ዘይት ቀቡት፣ ከብርድ የወጣ ብረት በደቂቃ ውስጥ ላብ ያልበዋል፣ ዝገት ይከተላል።

ክፍተቷን እያስታወሰ የሚስቀው ያው ጓደኛዬ አሁን የሚያወራው ሌላ ወሬ አግኝቷል።

ቀን 120 እና ወዲህ

ፍጻሜው። ብርጭቆ ወረቀት እስከ 320፣ ከዛ እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ ማርጠብ፣ የቆመውን ጸጉር ሲደርቅ መላጨት፣ ሦስት ጊዜ። ከዛ የተልባ ዘይት በጣት፣ በ400 ወረቀት በእርጥቡ እያሹ እንጨቱ በራሱ ዱቄት ቀዳዳውን እንዲሞላ። በቀን አንድ ስስ ቅብ። ወፍራም ከቀባችሁ አይደርቅም እንደ ማር ይሆናል፣ ታገሱ። ከኋላ 25 ሚሊ የጎማ ትራስ ገጠምኩ።

መነጽሩ ዝቅተኛ ማጉላት ያለው ነው፣ ከአይን ርቀቱ 9 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚሰጥ ፈልጌ ነው የወሰድኩት፣ ቅንድቤን እወደዋለሁ። የመቀመጫው ብሎኖች ከ6-48 ወደ 8-40 ሰፍተዋል፣ ከ3.5 ሚሊ ወደ 4.2 ማለት ነው፣ ትንንሾቹ ለእንደዚህ አይነት ርግጫ ይቆረጣሉ። ደህንነት መቆለፊያውም የድሮው ዓይነት ወደ ላይ የሚቆም ስለሆነ መነጽሩን ይመታል፣ በጎን በሚሠራ ለመተካት ለግራኝ የሚሆን እስካገኝ ስድስት ሳምንት ጠበቅኩ፣ ስለሱ ማማረር ሰልችቶኛል።

ቀን 158

ተኩስ። አምስት ጥይት ከመቀመጫ፣ ቀሪውን ቆሜ። ሰደፉን ግጥም አድርጎ በሚይዝ ከባድ ማቆሚያ ላይ አላስቀመጥኩትም፣ ትከሻ ወደኋላ ይሄዳል፣ ማቆሚያው ግን አይሄድም፣ ስለዚህ ሁሉንም የሚቀበለው እንጨቱ ነው።

መጀመሪያ ያለ መነጽር በብረቱ ማነጣጠሪያ በ50 ሜትር። 9 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መታ። ጥይቱ ወደ ላይ እንዲሄድ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ነው ማጠር ያለበት። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መሐል 48 ሳንቲ ሜትር አለ፣ ሒሳቡ 0.86 ሚሊ ይላል። 0.6 ብቻ ሞረድኩ፣ የሞረድኩት አይመለስማ። 3 ሳንቲ ሜትር ቀርቶታል። ቀሪውን ጥይቱን ከወሰንኩ በኋላ።

በመነጽር በ100 ሜትር ሦስቱ 4 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ገቡ። ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ርግጫው? እንደተባለው ነው። የ300ው እንደ ጥፊ ነበር፣ ይሄ እንደ ሰው ግፊያ ነው፣ ከባድ ግን ቀስ ያለ። ከአስራ አምስተኛው በኋላ ምላጩን ስስብ አይኔን እንደጨፈንኩ ስለታወቀኝ አቆምኩ።

ቆሜ ሦስቱን በፍጥነት ስተኩስ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ፣ ጉንጬ ከእንጨቱ አልተነሳም። ሦስቱም ቀልሃዎች በግራዬ ሣሩ ላይ ወድቀው ነበር፣ ክንድ በማይሞላ ቦታ።

ቀን 171

ከ40 ጥይት በኋላ ፈታሁት። ከጅራቱ ኋላ ያለው ክፍተት አሁንም 0.8 ነው፣ ወረቀት አስገብቼ አየሁ በነጻ ያልፋል። ከጥርሱ ኋላ በባትሪ ፈለግኩ፣ ስንጥቅ የለም። የፊቱ የአክሽን ብሎን ሩብ ዙር ላልቶ ነበር፣ ኋለኛው ባለበት። አጥብቄ በነጭ ቀለም ምልክት አደረግኩባቸው፣ ከሌላ 20 ጥይት በኋላ ምልክቱ ከተንቀሳቀሰ ከፊቱ ብሎን ሥር ያለው እንጨት እየተጨመቀ ነው ማለት ነው፣ ያኔ ብሎኑ የሚያልፍበት ላይ የብረት ቱቦ አስገባለታለሁ። ቱቦውን ከወዲሁ ቆርጬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ።